ከባቄላና ከሩዝ የሚሠሩት የጃፓን ጣፋጮች፦ ጣዕማቸው፣ ይዘታቸውና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

የተከበራችሁ የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን ተከታታዮች፣ በዚህ ወር ያነሳነው ርዕስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ጃፓን ሲባል በአብዛኞቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው መኪናና ኤሌክትሮኒክስ እንጂ ጣፋጭ ምግብ አይደለም። ይሁን እንጂ ለትምህርት ወይም ለአጭር ሥልጠና ወደዚያች አገር ሄደው የሚመለሱ ወንድሞችና እህቶች ለቤተሰብ ከሚያመጡት ስጦታ መካከል በሚያምር ወረቀት የተጠቀለለች የጣፋጭ ሣጥን አትጠፋም። ሣጥኗ ስትከፈት ጥያቄው ይጀምራል። ይህ ነገር ሐላል ነው? አባታችን ስኳር አለባቸው፣ ትንሽ ቢቀምሱስ? ሕፃኗስ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ እንዲያውም አንዳንዱ ሣጥን የሚያመጣው አደጋ ብዙዎቻችን ከምንጠረጥረው በላይ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ጃፓኖች ባህላዊ ጣፋጮቻቸውን በአንድ ላይ «ዋጋሺ» ብለው ይጠሯቸዋል። ስሙ ግን የቆየ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከአውሮፓ ኬክና ብስኩት በብዛት መግባት ሲጀምር፣ የራሳቸውን ከባዕዱ ለመለየት ያወጡት ስም ነው። ከዚያ በፊት «ካሺ» ብቻ ይባል ነበር፤ የዚህ ቃል ጥንታዊ ትርጉም ደግሞ ፍራፍሬና ለውዝ መሰል ፍሬ ነው። ነገሩ አያስገርምም። ስኳር በጃፓን ለረጅም ዘመን ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ በመድኃኒትነት ጭምር የሚታይ ውድ ዕቃ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ደርሰው «ካስቴራ» የተባለውን የእንቁላል ኬክና «ኮንፔይቶ» የተባለውን ባለ ጉብጉብ የስኳር ከረሜላ አስተዋወቁ። በኋላም ስኳሩ በናጋሳኪ ወደብ በኩል በኔዘርላንድ መርከቦች ይገባ ጀመር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሾጉን ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ ሸንኮራ አገዳ በአገር ውስጥ እንዲተከል ካበረታቱ በኋላ ነው ጣፋጩ ቀስ በቀስ ከመኳንንቱ ገበታ ወርዶ ሕዝቡ ዘንድ የደረሰው። በሺኮኩ ደሴት እስከ ዛሬ የሚሠራው «ዋሳንቦን» የተባለ ደቃቅ ስኳር የዚያ ዘመን ፍሬ ነው፤ ምላስ ላይ ሲያርፍ እንደ በረዶ ይሟሟል።

የዋጋሺ ዋናው ነገር ቅቤም፣ ክሬምም፣ ዘይትም አይደለም፤ ባቄላ ነው። «አዙኪ» የሚባል ትንሽ ቀይ ባቄላ አለ፤ የእኛ ማሾ የቅርብ ዘመድ ነው። ይህንን ባቄላ አንድ ጊዜ አፍልተው የመጀመሪያውን ውኃ ከነመራራው ይደፉታል። ከዚያ እንደገና እስኪፈርስ ቀቅለው ከስኳር ጋር እሳት ላይ እያማሰሉ ወፍራም ልቁጥ ያደርጉታል። ይህ ልቁጥ «አንኮ» ይባላል። ገለባው ሳይወጣ የቀረው «ጹቡአን»፣ በወንፊት ተጣርቶ የለሰለሰው ደግሞ «ኮሺአን» ነው። ባቄላን በጨውና በበርበሬ ብቻ ለምናውቅ ለእኛ በስኳር የተሠራ ባቄላ መጀመሪያ ግራ ማጋባቱ አይቀርም፤ አንዳንዱ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ከአፉ ሊያወጣት ይዳዳዋል። ሁለተኛዋ ላይ ግን የሚሻር ቅሬታ ነው። ጣዕሙ ከተቀቀለ ደረት ነት ወይም ከስኳር ድንች ጋር ይቀራረባል፤ እንደ ክሬም ምላስ ላይ ቅባት አይተውም።

ሁለተኛው መሠረት ሩዝ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እኛ ለፒላው የምንጠቀምበት ሩዝ ሳይሆን ሲበስል እርስ በርሱ የሚጣበቅ ልዩ የሩዝ ዓይነት ነው። በእንፋሎት አብስለው በትልቅ ሙቀጫ ውስጥ በእንጨት መዶሻ ሲወቅጡት እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ሊጥ ይሆናል። ይህ «ሞቺ» ነው። አንኮ በሞቺ ሲጠቀለል «ዳይፉኩ»፣ የሩዝ ዱቄት ሊጥ ትንንሽ ድቡልቡል ሆኖ በእንጨት ሲሰካ ደግሞ «ዳንጎ» ይባላል። የስንዴ ሊጥ ውስጥ ተደርጎ በእንፋሎት ሲበስል ደግሞ «ማንጁ» ነው፤ በሁለት ክብ የእንቁላል ቂጣ መሃል ሲደረግ «ዶራያኪ» ይሆናል።

ሦስተኛውን ነገር ለብቻው ማየት ይገባል። ከአንኮ፣ ከስኳርና «ካንቴን» ከተባለ ማርጊያ የሚሠራ፣ በቢላዋ የሚቆረጥ ጥቁር ቀይ ጣፋጭ አለ፤ «ዮካን» ይባላል። ካንቴን የሚገኘው ከባሕር ሣር ነው፤ በላቦራቶሪ «አጋር» የምንለው ራሱ ነው። የተለመደው ትረካ እንደሚለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኪዮቶ አጠገብ ፉሺሚ በተባለ ቦታ የሚኖር የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ከእራት የተረፈውን የባሕር ሣር ጄሊ በክረምት ውጪ ጥሎት ያድራል፤ ጄሊው በረዶ ሆኖና ደርቆ ሲያገኘው መልሶ ቢያፈላው ከበፊቱ የጠራ ሆኖ ረጋለት። ለሙስሊም ቤተሰብ ይህ መልካም ዜና ነው። አውሮፓውያን ለማርጊያ የሚጠቀሙበት ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት፣ ብዙ ጊዜም ከአሳማ የሚወጣ ሲሆን፣ የጃፓኑ ባህላዊ ማርጊያ ግን ተክል መሰል የባሕር ውጤት ነው።

በነገራችን ላይ በዚህ በዮካን ስም ብዙ ሰው ይደነግጣል። በስልኩ የትርጉም ፕሮግራም መለያ ወረቀቱን ያነበበ ሰው «የበግ ሾርባ» የሚል ይወጣለታልና፣ «ያልታረደ በግ ቅባት አለበት» ብሎ ሣጥኑን እስከ መጣል ይደርሳል። ስሙ በእርግጥ የበግ ሾርባ ማለት ነው። ከቻይና የመጣ የበግ ሥጋ ምግብ ነበረ፤ ሥጋ የማይበሉ የቡድሃ መነኮሳት በበጉ ፋንታ ባቄላና ዱቄት ተኩበት፣ ከዘመናት በኋላም ስኳር ገባበትና ጣፋጭ ሆነ፤ ስሙ ብቻ ቀረ። ዛሬ በተለመደው ዮካን ውስጥ በግ የለም።

እነዚህ ጣፋጮች የሚሸጡባቸውን ሱቆች ያየ ሰው ከኬክ ቤት ይልቅ የሽቶ ወይም የጌጣጌጥ መደብር ሊመስሉት ይችላሉ። በመስታወቱ ውስጥ የሚደረደሩት ጥቂት ናቸው፤ መጠናቸውም ከሁለት ጉርሻ አይበልጥም። ከእነሱ መካከል «ቶራያ» የተባለው ቤት ስመ ጥር ነው። በኪዮቶ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተመሥርቶ ከዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ለንጉሠ ነገሥቱ ቤት ጣፋጭ ያቀርብ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1869 ቤተ መንግሥቱ ሲዛወር አብሮ ወደ ቶኪዮ ሄደ፤ በ1980 ደግሞ በፓሪስ ሱቅ ከፈተ። በኢሴ ከተማ ያለው «አካፉኩ» ከ1707 ጀምሮ በአንኮ የተሸፈነ ሞቺ እየሸጠ ነው። በቶኪዮ ሱሚዳ ወንዝ አጠገብ በጨው በተያዘ የቼሪ ቅጠል የሚጠቀለለው «ሳኩራሞቺ» የተጀመረው በ1717 እንደሆነ ይነገራል። አንድን ነገር ለ300 ዓመታት ሳይሰለቹ መሥራት በራሱ የሚደነቅ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን የወቅት ጉዳይ ነው። በጸደይ የቼሪ አበባ፣ በበጋ የጠራ ውኃ የሚመስል ጄሊ፣ በመኸር ደረት ነትና የቀላ ቅጠል፣ በክረምት በረዶ የመሰለ ነጭ። «ኔሪኪሪ» የተባለው ከነጭ ባቄላ የሚሠራ ጣፋጭ በእጅና በትንሽ እንጨት ተቀርጾ አበባ ይሆናል፤ እያንዳንዱም ከጥንት ግጥምና ከተፈጥሮ የተወሰደ የራሱ ስም ይሰጠዋል። ባለሙያዎቹ ዋጋሺ በአምስቱም የስሜት ሕዋሳት የሚበላ ነው ይላሉ፤ ጆሮ የሚካፈለው ስሙን በመስማት ነው። ይህንን የኔሪኪሪ ሙያ የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 በማይዳሰስ የባህል ቅርስነት መዝግቦታል። አበላሉም ሥርዓት አለው። ጣፋጩ በወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ በትንሽ የእንጨት ቢላዋ ይቆረጣል፤ መጀመሪያ ጣፋጩ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው ስኳር የሌለው መራራ አረንጓዴ ሻይ የሚጠጣው። አንድ ሰው አንድ ይበላል፤ ሁለተኛ አይደገምም። በጤና ባለሙያ ዓይን ሲታይ ከሁሉ የምወድላቸው ይህቺን አንዷን ነው።

እስቲ ወደ ይዘቱ እንግባ። ዋጋሺ ቅባት የለውም ማለት ይቻላል። አንድ መቶ ግራም ዳይፉኩ ከ220 እስከ 240 ኪሎ ካሎሪ ሲኖረው ቅባቱ አንድ ግራም አይሞላም። በዘይት ተጠብሶ ሽሮፕ ከሚጠጣው ከሙሸበክና በቅቤ ከሚደራረበው ከባቅላባ ጋር ሲነጻጸር በዚህ በኩል ቀላል ነው። ነገር ግን «ቅባት የለውም፣ ባቄላም ነው፣ ስለዚህ ስኳር ላለበት ሰው ይስማማል» የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። መቶ ግራም ዮካን ወደ 290 ኪሎ ካሎሪና ወደ 70 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ አብዛኛውም የተጨመረ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። የኋለኛው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። ሃምሳ ግራም የምትሆን አንዲት የዮካን ቁራጭ ብቻዋን ወደዚህ መጠን ትጠጋለች። ሞቺም ቢሆን የተፈተገ ሩዝ ስለሆነ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በፍጥነት ከፍ ያደርጋል። ገለባው ያልወጣለት ጹቡአን ከተጣራው የተሻለ አሰር አለው፤ ሆኖም ልዩነቱ ስኳሩን የሚያካክስ አይደለም።

ታዲያ ስኳር ያለባቸው አባት ፈጽሞ አይቅመሱ ወይ? እንደዚያ ማለት አይደለም። ስኳራቸው በቁጥጥር ሥር ያለና ሐኪማቸው ያልከለከላቸው ከሆነ ከምግብ በኋላ ሩብ ቁራጭ ቀምሰው፣ በዚያው ማዕድ ላይ ከዳቦው ወይም ከሩዙ ቢቀንሱ ይሻላል። በባዶ ሆድ ግን አይሁን። ከቁርስ በፊት «ቅመሱት እንጂ፣ ከሩቅ አገር ነው የመጣው» እያሉ የሚያጎርሱ ልጆች ለአባታቸው እያዘኑ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የመድኃኒት ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው በጥሞና ይነበብ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው ድንገት ሲወርድ፣ ሲያልባቸውና ሲንቀጠቀጡ ጣፋጭ መውሰድ እንዳለባቸው ይነገራቸዋል፤ ትክክልም ነው። ለዚህ ግን ዋጋሺ አይሆንም። ባቄላውና ሩዙ ያዘገየዋል፤ የደከመ ሰው ሞቺ ማኘክም አይችልም። በውኃ ወይም በሻይ የሟሟ ስኳር ይሻላል። አካርቦስ ወይም በጃፓን በሰፊው የሚታዘዘውን ቮግሊቦስ ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ደርቦ የሚወስድ ሰው ከሆነ ደግሞ የተለመደው ስኳርም በፍጥነት አይሠራለትም። እነዚህ መድኃኒቶች ስኳሩ አንጀት ውስጥ ተፈርክሶ እንዳይገባ የሚያዘገዩ ስለሆኑ ለእሱ የሚሆነው ንጹሕ ግሉኮስ ነው። ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ኪሱ ውስጥ መያዝ ይገባዋል።

አብሮት የሚጠጣውን ሻይም አንርሳው። «ማቻ» የተባለው አረንጓዴ ሻይ ቅጠሉ ራሱ ተፈጭቶ የሚጠጣ ነው። ሁለት ግራም ዱቄት ወደ 60 ሚሊ ግራም ካፌይን ይኖረዋል። ነፍሰ ጡር እናቶች ከቡናው ጋር ደምረው በቀን ከ200 ሚሊ ግራም እንዳያልፉ ይመከራል። የብረት ኪኒን የምትወስድ እህትም ኪኒኑንና ሻዩን ቢያንስ በሁለት ሰዓት ታራርቀው፤ ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳልና። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ማቻን በብዛትና በድንገት አይጀምሩ፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ሊቀንስ ይችላል።

አሁን በመግቢያችን ወደጠቀስነው አደጋ እንምጣ። ሞቺ ሰው ይገድላል። ይህ ማጋነን አይደለም። የጃፓን የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ብቻ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 661 ሰዎች በሞቺ ታንቀው ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 43 በመቶ የሚሆኑት የሞቱት በጥር ወር ነው፤ ምክንያቱም የአዲስ ዓመት በዓላቸው ዋና ምግብ ሞቺ የገባበት ሾርባ ነው። በየዓመቱ መጨረሻ የቶኪዮ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሕዝቡን ያስጠነቅቃል። ሞቺን ከልጅነታቸው ጀምሮ እየበሉ ያደጉ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ አያትማ እንዴት ይሆን?

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞቺ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ አፍ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ግን ይጠነክራል፣ ይጣበቃልም። ዕድሜ ሲገፋ ምራቅ ያንሳል፤ ጥርስ ይጎድላል፤ የመዋጥ ጡንቻም ይደክማል። ያልተፈጨ ቁራጭ ወደ ጉሮሮ ሲወርድ የአየር ቧንቧውን እንደ ክዳን ይደፍነዋል። በስትሮክ የተጎዱ ሰዎች፣ የሚጥል በሽታ ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው ሁሉ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ትንንሽ ልጆችም እንዲሁ። በሾላ እንጨት የተሰካ ዳንጎ ለሕፃን ዕጥፍ አደጋ ነው፤ እንጨቱም አለና። በረመዷን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው አፉ ደረቅ ነው፤ ርቦታልና ይጣደፋል። በመሆኑም ሞቺ የማፍጠሪያ ምግብ አይደለም። በተምርና በውኃ ተፈጥሮ፣ መግሪብ ተሰግዶ፣ ሾርባው ከተጠጣ በኋላ ቢቀርብ ይሻላል።

የጃፓን ባለሥልጣናት የሚሰጡት ምክር ቀላል ነው፦ ከመብላት በፊት ሻይ ወይም ሾርባ ተጎንጭቶ ጉሮሮን ማርጠብ፤ ሞቺውን ትንንሽ አድርጎ መቁረጥ፤ በደንብ ሳያኝኩ አለመዋጥ፤ ቤተሰብም አረጋውያን ሲበሉ ዓይኑን ከእነሱ አለመንቀል። እኔ ደግሞ የምጨምረው፣ መዋጥ ለሚያስቸግራቸው ሰዎችና ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሞቺ ያለበትን ጣፋጭ ጨርሶ አትስጡ። በሣጥኗ ውስጥ ዮካን ካለ እሱን በስሱ ቆርጣችሁ በማንኪያ አድቅቁላቸው።

አንድ ሰው ከታነቀስ? ማሳል ከቻለ አሳሉት፤ ጣት ወደ ጉሮሮው አትክተቱ። ድምፅ ማውጣትና ማሳል ካቃተው፣ ፊቱም ከጠቆረ ሳትዘገዩ ወደ ፊት አጎንብሱትና በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል በእጅ መዳፍ ተረከዝ አምስት ጊዜ በኃይል ምቱት። ካልወጣ ከኋላው ቁሙና በሁለት እጃችሁ አቅፋችሁ፣ ጡጫችሁን ከእምብርቱ በላይ አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ሳቡ። ለነፍሰ ጡርና ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ግን ሆድን መጫን አይፈቀድም፤ ለእነሱ የሚደረገው ደረት ላይ ነው። ሕፃኑን በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጀርባውን አምስት ጊዜ ከመታችሁ በኋላ ገልብጣችሁ ደረቱን መሃል ላይ አምስት ጊዜ ተጫኑ። እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። በዚህ መሃል ሌላው የቤተሰብ አባል አምቡላንስ ይጥራ፤ በጃፓን 119፣ በአገራችን የቀይ መስቀል 907 ነው።

ሕፃናትን ካነሳን ሌላም አለ። ዶራያኪና ካስቴራ ብዙ ጊዜ ማር አለባቸው። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በሕፃኑ አንጀት ውስጥ አድጎ ሰውነትን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። መጋገርም ዘሩን ለመግደል አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 በቶኪዮ በጭማቂ ውስጥ ማር ይሰጠው የነበረ የስድስት ወር ሕፃን በዚህ ሕመም ሕይወቱ አልፏል። በዚህ አጋጣሚ አራስ ልጅን ማር የምታልሱ እናቶችም ልብ በሉ፤ ለተሕኒክ ተምር ይበቃል፤ እሱም እንደ ውኃ ለስልሶ በትንሹ የሚነካ እንጂ የሚጎረስ አይደለም።

የሐላልነቱን ጉዳይ በተመለከተ መሠረቱ መልካም ነው ብለናል፤ ባቄላ፣ ሩዝ፣ ስኳርና የባሕር ሣር። ሆኖም ጃፓን ውስጥ አልኮል ወደ ምግብ የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው። ዶራያኪ ላይ «ሚሪን» ይጨመርበታል፤ ይህ ከሩዝ የሚወጣ ጣፋጭ ሆኖ 14 በመቶ ያህል አልኮል ያለበት ነው። «ሳካማንጁ» የሚባለው የማንጁ ዓይነት በሳኬ መጠጥ እርሾ የሚቦካ ነው። አንዳንድ ካስቴራና አዳዲስ ጣፋጮች «ዮሹ»፣ ማለትም ሩም ወይም ብራንዲ ይገባባቸዋል። ሻጋታ እንዳይዝ «ሹሴይ» የተባለ የምግብ አልኮል የሚጨመርበት አለ፤ በአንዳንድ እሽግ ውስጥ ደግሞ አልኮሉ ምግቡ ላይ ሳይሆን በትንሽ ከረጢት ሆኖ በትነት የሚሠራ ነው። ዳንጎ ላይ የሚፈሰው ጣፋጭ ስጎ ከአኩሪ አተር ስጎ የሚሠራ ሲሆን፣ በተፈጥሮ የቦካ ስጎ ራሱ ሁለት በመቶ ገደማ አልኮል ሊኖረው ይችላል። ርካሽ የፋብሪካ ጣፋጮች በካንቴን ፋንታ «ዘራቺን» ማለትም ጄላቲን፣ በቻይና ዓይነት የጨረቃ ኬክ ደግሞ «ራዶ» ማለትም የአሳማ ስብ ይገኛል።

ከእነዚህ ውስጥ ሚሪን፣ ሳኬ፣ ዮሹና ራዶ ያለበትን መተው የሚያከራክር አይመስለኝም። በመፍላት የሚገኘው ጥቂት አልኮል፣ በከረጢት ያለው ትነትና በኢስቲሓላ የሚነሳው የጄላቲን ጥያቄ ግን ዑለሞች የተለያየ አስተያየት የሰጡበት ስለሆነ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ የመድኃኒት ባለሙያ ፈትዋ አትሰጥም። እንዲሁም አንዳንዱ ጣፋጭ ለቡድሃ ወይም ለጣዖት መሠዊያ የሚቀርብ ነው፤ በአዲስ ዓመት የሚደረደረው ሞቺና ለሙታን የሚቀርበው «ኦሃጊ» ምሳሌዎች ናቸው። ከሱቅ መደርደሪያ የተገዛው ሌላ፣ ከመሠዊያ ወርዶ የሚሰጥ ሌላ መሆኑን ተማሪዎቻችን ልብ ይበሉ።

በሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ከሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም። «ሳኬያ ሚሪን ሃይቴ ኢማስ ካ?» ብትሉ ሳኬ ወይም ሚሪን አለበት ወይ ማለት ነው፤ ሻጮቹም በትዕግሥት ያዩላችኋል። በጃፓን ሕግ በታሸገ ምግብ ላይ ግብዓቶቹ ከብዙው ወደ ጥቂቱ በቅደም ተከተል ይጻፋሉ፤ አለርጂ የሚያስከትሉት እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒና ሌሎችም መገለጽ አለባቸው። በኮቤ እ.ኤ.አ. በ1935 የተከፈተው የአገሪቱ የመጀመሪያ መስጂድና በ2000 እንደ አዲስ ተሠርቶ የተከፈተው የቶኪዮ ጃሚ አካባቢ የሚኖሩ ሙስሊሞች የትኛው ሱቅ ምን እንደሚጠቀም በደንብ ያውቃሉ፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከእነሱ ቢጠይቅ ይቀለዋል።

በመጨረሻ ስለ አቀማመጥ። እንደ መድኃኒት ሁሉ ጃፓኖች ሁለት ዓይነት ቀን ይጽፋሉ። «ሾሂ ኪገን» ከተባለ ከዚያ ቀን በኋላ አይበላም ማለት ነው፤ «ሾሚ ኪገን» ከሆነ ጣዕሙ እስከዚያ ቀን የተሟላ ነው ማለት ነው፤ ቀኑ ትንሽ ቢያልፍም ወዲያው ተበላሸ ማለት አይደለም። እርጥበታቸው ከ30 በመቶ በላይ የሆኑት፣ እንደ ዳይፉኩና ኔሪኪሪ ያሉት፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አይቆዩም፤ ስለዚህ በአውሮፕላን ተጉዘው አዲስ አበባ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ጊዜያቸው አልፏል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባትም ሞቺውን ያደርቀዋል እንጂ አይጠቅመውም። ለስጦታ የሚሻለው ዮካን ነው፤ ስኳሩ ብዙ በመሆኑ እሽጉ ሳይከፈት አንድ ዓመት ያህል የሚቆይ አለ። ከተከፈተ በኋላ ግን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቅ። በሣጥኑ ውስጥ የሚገኙትን ትንንሽ ከረጢቶች ቅመም ወይም ስኳር መስሏቸው ሻይ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች አሉና፣ ሣጥኑ እንደተከፈተ ልጆች ሳያዩአቸው ለቅማችሁ ጣሉ።